በረኛችን ጭንቅላቱን ተመትቶ ናላው ዞሯል፤ ሐሙስ ይጫወታል?

ባለ6ቁጥሩ · ሰኞ ጠዋት 3፡20

ሰላም የግቢ ልጆች። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ትናንት የዲፓርትመንት ዋንጫ ሁለተኛ ጨዋታችን ነበር። በረኛችን የዶርሜ ልጅ ነው፤ ከፍሬሽማን ጀምሮ እሱ ላይ፣ እኔ ታች አልጋ ነን። ከእረፍት በኋላ የማዕዘን ምት ተሻማ። ወጥቶ ኳሷን ሲይዝ የሲቪል ኢንጂነሪንግ ልጆቹ አጥቂ ጉልበት ከጆሮው በላይ አገኘው። ድምፁ እኔ ጋ መሀል ሜዳ ድረስ ተሰማኝ። ወደቀ፤ ራሱን ግን አልሳተም። ሮጬ ሄጄ አንድ ሃይላንድ ውሃ አናቱ ላይ ደፋሁበት። «አለህ?» ስለው «አለሁ» አለኝ። ቅያሪ በረኛ የለንም። «በል ተነስ፣ 15 ደቂቃ ናት የቀረችው» ያልኩት እኔው ነኝ። አምበሉ እኔ ነኝ።

2 ለ 1 አሸነፍን። ከሜዳ ስንወጣ «ስንት ለስንት ወጣን?» አለኝ። ነገርኩት። ሎንች ገብተን ሻይ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ «ስንት ለስንት ወጣን?» አለ። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። የዶርሙን ደረጃ ስንወጣ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ ግን ሳቄ ቆመ።

ዛሬ ጠዋት ራሱን ወጥሮ ይዞታል፤ መጋረጃውን ዝጉልኝ ይላል፤ ቁርስ አልቀመሰም፤ አንዴ አስመልሶታል። አንዱ ልጅ ዲክሎፌናክ ሰጥቶታል። ረቡዕ ሚድ (የግማሽ ሴሚስተር ፈተና) አለው፣ ሐሙስ ደግሞ ግማሽ ፍጻሜ። ክሊኒክ እንሂድ ስለው «ራሴን አልሳትኩ፣ አልደማሁ፣ ሄጄ ምን ልበላቸው?» ይለኛል። ምን ላድርግ?

ሎንች_ጥግ · 3፡31

ጣፋጭ ሻይ ይጠጣና ለጥ ይበል። ናላው ዞሮ ነው፣ ይመለስለታል። እኔ ሃይስኩል እያለሁ የግብ ብረት ገጭቼ በማግስቱ ማትሪክ ተፈትኛለሁ።

ቀዳማዊ_በቴስታ · 3፡34

@ሎንች_ጥግ ውጤትህን ንገረንና እንፍረድ 😂

ኢንተርን_ያለእንቅልፍ · 3፡52

ከዲዩቲ ወጥቼ አውቶቡስ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ አጻጻፌ ቢንጋደድ ተረዱኝ።

አምበል፣ መጀመሪያ ስልኩን አስቀምጥና ልጁን እይልኝ። ድጋሚ ካስመለሰው፣ የራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ እንቅልፍ እየጣለው መቀስቀስ ካስቸገረህ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ፣ አንድ እጁ ወይም እግሩ ከደነዘዘ፣ ነገሮች ሁለት ሁለት ሆነው ከታዩት፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ያለ ባህሪው ከተነጫነጨና ከተቆጣ፣ ክሊኒክ አትበል፤ በቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰደው። ማጅራቱን የሚያመው ከሆነም እንደዚያው። እነዚህ የራስ ቅል ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን እንደሚችል፣ ወይም አንገቱ እንደተጎዳ የሚናገሩ ምልክቶች ናቸው። ከእነዚህ አንዱም ባይኖር እንኳ ዛሬውኑ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ዲክሎፌናኩን አትድገሙት። ዲክሎም፣ አይቡፕሮፌንም፣ አስፕሪንም ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርጉ የደም መፍሰስ እንደሌለ ሳይታወቅ አይወሰዱም። ፓራሲታሞል ይበቃዋል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ይህ ኮንከሽን ነው የሚመስለው፤ በአማርኛ «የአንጎል መናወጥ» ሲሉት ታገኛላችሁ። ጭንቅላት በድንገት ሲገፋ ወይም ሲሽከረከር ውስጥ ያለው አንጎል አብሮ ይናጣል። ሴሎቹ የተዛባባቸውን ለማስተካከል ከወትሮው የበለጠ ኃይል ይፈልጋሉ፤ በዚያው ሰዓት ደግሞ የሚደርሳቸው ደም ይቀንሳል። መብራቱ በደከመበት ሰዓት ሦስት ምጣድ መጣድ በሉት። ለዚህ ነው ብርሃኑ፣ ጫጫታው፣ ንባቡ ሁሉ የሚከብደው።

«ራሴን አልሳትኩም» የምትለዋን እኛም ድንገተኛ ክፍል በየቀኑ እንሰማታለን። ኮንከሽን ከደረሰባቸው 10 ሰዎች 9ኙ ገደማ ራሳቸውን አይስቱም። አንድን ጥያቄ ሦስት ጊዜ መጠየቁ በቂ ምልክት ነበር።

ሐሙስን እርሱት።

ጽጌ_ከ3ኛ_ብሎክ · 4፡05

እንዳይተኛ አድርጉት! የአክስቴ ልጅ እንደዚህ ተመቶ «ከተኛ አይነሳም» ተብሎ ሌሊቱን ሙሉ ቡና እያጠጡ ነው ያሳደሩት።

ኢንተርን_ያለእንቅልፍ · 4፡11

ጽጌ፣ ይህ ነገር በየቤቱ አለ፣ የኔም እናት ታምንበታለች። እንቅልፉ አይገድልም። የሚያስፈራው ደም እየፈሰሰ ከሆነ «ተኝቷል» ተብሎ ሳይታወቅ መቅረቱ ነው። ሐኪም ካየው፣ ደህና አድርጎ ካወራና ከተራመደ ይተኛ፤ እንዲያውም እንቅልፍ መድኃኒቱ ነው። የመጀመሪያዋን ሌሊት ብቻውን አይደር እንጂ። ቡና፣ ቢራና ጫት ግን ለጊዜው ይቅርበት። ሚድ ደርሷል ብላችሁ ቅጠል እንዳታቀርቡለት፣ አውቃችኋለሁ።

ባለ6ቁጥሩ · ሰኞ ማታ 2፡40

ድጋሚ አስመለሰው። ባጃጅ ይዘን ሄድን፤ የግቢው ክሊኒክ ሪፈር ጻፈልን፣ ከተማ ያለው ሆስፒታል ሲቲ ስካን አነሱት። ብሩን ከዶርም ልጆች ነው ያዋጣነው። ውጤቱ «ኖርማል» ነው። ያየን ሰውዬ «ምንም የለብህም፣ ሂድ» ብሎ ሸኘን። አሁን ልጁ ፊቱ ፈክቷል፣ «ሰማህ አይደል፣ ምንም የለብኝም፣ ሐሙስ ጓንቴን አዘጋጅልኝ» እያለኝ ነው። ራስ ምታቱ ግን እንዳለ ነው።

ኢንተርን_ያለእንቅልፍ · 3፡02

እግዚአብሔር ይመስገን። ሲቲ ስካን የሚያሳየው ደምና ስብራት ነው። ኮንከሽን አንጎል የሚሠራበት መንገድ ላይ የደረሰ መታወክ ስለሆነ ፎቶ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። ስለዚህ «ኖርማል» ማለት «ቀዶ ጥገና አያስፈልግህም» ማለት እንጂ «ሂድና በረኛ ሁን» ማለት አይደለም። የሥራ ባልደረባችን ሰልፍ በዝቶበት ይሆናል፣ አልፈርድበትም።

ከ24 እስከ 48 ሰዓት ከባድ ነገር አይሥራ። በጨለማ ክፍል ይታሰር ማለት አይደለም፤ ያ የድሮ ምክር ነው፣ አሁን ተትቷል። ግቢ ውስጥ ቀስ ብሎ ይራመድ፣ ይብላ፣ ያውራ። ስልክ ግን በእነዚህ ሁለት ቀናት ይቀንስ።

ቀዳማዊ_በቴስታ · 3፡06

ሁለት ቀን ያለ ቴሌግራም? ግንባሩን ድጋሚ ምቱትና ይገላገል 😭

ከሜሪላንድ · ማክሰኞ ጠዋት 1፡15

ወገኖቼ፣ አሜሪካ ተማሪ ነበርኩ፣ ይህ ነገር በራሴ ስለደረሰ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እዚህ አገር ኮንከሽን ላይ ቀልድ የለም ትላላችሁ። እውነትም ሕግ አለ። ዋሽንግተን ስቴት እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ የተጎዳ ታዳጊ ልጅን ስም ይዞ ሕግ አወጣ፤ በ5 ዓመት ውስጥ 50ዎቹም ስቴቶች ተከተሉ። ኤንሲኤኤ የሚባለው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበርም ከ2010 ጀምሮ እያንዳንዱ አባል ኮሌጅ የኮንከሽን ዕቅድ እንዲኖረው ያዛል። ግን ሕጎቹን ብታዩአቸው የስቴቶቹ በዋናነት ለልጆችና ለሃይስኩል ነው፤ የኤንሲኤኤው ማሊያው ላይ የዩኒቨርሲቲው አርማ ላለበት ለቫርሲቲ ተጫዋች ነው። እኔ ማታ ማታ ከላብራቶሪ ትምህርት በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ኢንትራሚውራል፣ ማለትም ተማሪዎች ግቢ ውስጥ እርስ በርስ የሚጫወቱትን ነበር የምጫወተው። ሜዳው ዳር ሐኪም የለም፤ ዳኛው በሰዓት የሚከፈለው እንደኔው ተማሪ ነው፤ እኔ ደግሞ ሲዝኑ ሲጀመር «ብጎዳ በራሴ» የሚል ወረቀት ፈርሜያለሁ። ለሚደርስብኝ ጉዳት ኃላፊነት የሚወስድ ሰው አልነበረም።

ፉትሳል ነበር። ከሁለት እርምጃ የተመታች ኳስ እዚህ ጋ፣ ዓይንና ጆሮ መካከል አረፈችብኝ። «አይም ኦኬ» ብዬ ጨረስኩ። በማግስቱ ቡና ቤት ሥራ ገባሁ። ብሌንደሩ ሲነሳ በረዶው ጭንቅላቴ ውስጥ የሚፈጭ መሰለኝ። ደንበኛ ያዘዘኝን እስክዞር ድረስ እረሳለሁ፤ ኩባያው ላይ የምጽፈው ስም ይጠፋብኛል። ሱፐርማርኬት ስገባ መብራቱ አስጨንቆኝ ዘይት ሳልገዛ ወጣሁ። ይህን ሁሉ ከኳሷ ጋር ያገናኘሁት በአምስተኛው ቀን ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ የሰጠችኝ ምርመራ አንድ ነው፤ «ኳስ ሜዳ ምን አስገባሽ?»

የዳንኩት በሦስት ሳምንት ነው። ያኔ ነው ያወቅኩት፣ በተመሳሳይ ስፖርት ሴቶች ከወንዶች ይበልጥ ይህ ጉዳት እንደሚደርስባቸው። የግቢው የሴቶች ቡድን ይህን ካያችሁ አምበሎቻችሁ ጋ አድርሱት።

ስለ ሚዱ፦ ከሐኪም ወረቀት ያውጣና ሜክአፕ (ምትክ ፈተና) ይጠይቅ። እኔ በዚያ ጭንቅላት ስታትስቲክስ ተፈትኜ ጥያቄ ቁጥር 2ን አራት ጊዜ አንብቤያታለሁ።

ጠጠር_ሜዳ · ማክሰኞ 6፡30

ልጆች፣ አንድ ነገር ልበል። እኛ በጠጠር ሜዳ፣ ዝናብ ሲጠጣ እንደ ድንጋይ በሚከብድ የቆዳ ኳስ፣ ቴስታ እየመታን ነው ያደግነው። የወደቀ ልጅ ካለ ወጌሻው ሎሚ ያሸተዋል፣ ውሃ ይረጨዋል፣ ይነሳል። ዛሬ ግን በትንሽ በትልቁ ሆስፒታል ነው። ኳስ የወንድ ጨዋታ ነው፤ ይህን ያህል ከፈራችሁ ዳማ ተጫወቱ።

ግራ_መስመር · 6፡58

ጋሼ፣ ከልብ አክብሮት ጋር፣ ያው የቆዳ ኳስ ነው ጣጣው። የእንግሊዙ ክለብ ዌስት ብሮም የነበረው ጄፍ አስትል በቴስታ ጎል የታወቀ አጥቂ ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. ገና በ59 ዓመቱ ሞተ፤ የሞቱን መንስኤ ያጣራው መርማሪ «የሥራ ላይ በሽታ» ብሎ መዘገበው፣ ያንን ከባድ ኳስ በተደጋጋሚ በራሱ ከመምታት የመጣ ነው ብሎ። እርስዎ የሚያውቁት የተነሱትን ነው።

ለወንድነቱ ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. የነበረውን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ያስታውሱ። የጀርመኑ ክሪስቶፍ ክራመር ከአርጀንቲናው ጋራይ ጋር ተጋጭቶ 17ኛው ደቂቃ ላይ ወደቀ፤ ተነስቶ ቀጠለ። ቆይቶ ዳኛውን ሪዞሊን «ይህ ፍጻሜው ነው?» ብሎ ጠየቀው። ሪዞሊ መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎት ነበር፤ ገርሞት ለሽቫይንሽታይገር ነገረው፤ 31ኛው ደቂቃ ላይ ተቀየረ። በዓለም ምርጥ ሐኪሞች ፊት፣ ማራካና ላይ፣ 14 ደቂቃ ተጫውቷል። ያወቀው ዳኛው ነው።

የበረኛችን «ስንት ለስንት ወጣን» እና የክራመር ጥያቄ አንድ ናቸው።

ጠጠር_ሜዳ · 7፡20

ክራመርን አይቼዋለሁ፣ ጨዋታውን ከጎረቤት ጋር ነው ያየነው። ይህን ግን አላወቅኩም ነበር። የኔ ቡድን ውስጥ አንድ ተከላካይ ነበር፣ ከአንድ ግጭት በኋላ ጠባዩ ተቀየረ፣ ከሰው ይጣላ ጀመር። ትዕቢተኛ ሆነ ብለን ከቡድን አወጣነው። እንግዲህ...

የቼልሲ_ልጅ · 7፡41

መፍትሔው ቀላል ነው፤ እንደ ድሮው በረኛችን ፒተር ቼክ ኮፍያ ግዙለት።

ግራ_መስመር · 7፡49

ቼክ በጥቅምት 2006 እ.ኤ.አ. ሬዲንግ ላይ የደረሰበት የራስ ቅል ስብራት ነው፤ ኮፍያውም የተሰበረውን አጥንት ለመጠበቅ ነበር። ኮፍያ ውጪውን ይሸፍናል፣ ውስጥ ያለውን መናወጥ ግን አያስቆምም።

አንፊልድ_ሰፈር · 7፡55

ስለ በረኛ ከተነሳ የሊቨርፑሉን ካርየስን አትርሱ። በ2018 እ.ኤ.አ. የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ፣ ኪየቭ ላይ፣ የማድሪዱ ራሞስ ክርን ካገኘው በኋላ ነው ሁለቱ ጉድ ጎሎች የገቡት። በኋላ ቦስተን ያሉ ሐኪሞች መርምረው ኮንከሽን ሳይደርስበት አልቀረም ብለዋል።

የቼልሲ_ልጅ · 7፡56

ይኸው ሰበብ መጣ 😂😂

አወያይ · 8፡10

የሊቨርፑልና የቼልሲ ጉዳይ ሌላ ክር አለው። 23 መልእክት ሰርዣለሁ።

ዶቦክ · ማክሰኞ ማታ 1፡05

ቴኳንዶ እሠራለሁ። እኛ ጋ ስፓሪንግ ላይ ጭንቅላት መመታት የጨዋታው አካል ስለሆነ ነገሩ ይብሳል፤ ጭንቅላት ላይ የገባ ምት ነጥብ ያስገኛል። ማስተራችን ግን አንድ ሕግ አለው፤ ጭንቅላቱን ተመትቶ ያጠራጠረውን ልጅ ራሱን አይጠይቅም፣ አብሮት የመጣውን ጓደኛውን ነው የሚጠይቀው። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያወራው?» ይላል። ጓደኛው ትንሽ ካመነታ ልጁ ቀበቶውን ፈትቶ ይቀመጣል። እኔን አንዴ እንዲህ አስቀምጦኛል፤ አንድ ሳምንት ሙሉ አኩርፌዋለሁ።

ባለ6ቁጥሩ · ሐሙስ ማታ 3፡30

ዛሬ 4 ለ 0 ተሸነፍን። በረኛ ያቆምነው ረጅሙን ተከላካያችንን ነው፤ ሁለቱን ራሱ አስገባቸው ማለት ይቻላል። ከጨዋታው በኋላ ሁለት ልጆች አላናገሩኝም። እሱ ራሱ ደግሞ ጠዋት «አንተ ሐኪም ነህ?» ብሎ ጮኸብኝ፤ ከዚያ ጩኸቱ ራሱን አሞት ተመልሶ ተኛ። ጓንቶቹን ቁም ሳጥኔ ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ።

ሜክአፑ ተፈቅዶለታል፤ የሆስፒታሉ ወረቀት ረዳን። አንድ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። እሁድ እነዚያ 15 ደቂቃዎች ውስጥ ድጋሚ ቢመታስ ኖሮ?

ኢንተርን_ያለእንቅልፍ · 4፡15

ስለጠየቅክ እነግርሃለሁ፣ ራስህን እንድትገርፍበት ግን አይደለም። የመጀመሪያው ሳይድን ሁለተኛ ምት የሚያገኘው ወጣት አንጎል በጣም አልፎ አልፎ በፍጥነት ያብጣል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። ይህ ባይሆን እንኳ ተመትቶ መጫወት የቀጠለ ሰው ወዲያው ከወጣው ይልቅ ለመዳን ረጅም ጊዜ ይወስድበታል። ያንን ቀን አንተም አላወቅክም፣ ዳኛውም አላወቀ። ሐሙስ ግን አውቀህ 4 ጎል ገባብህ።

አሁን ስለ መመለሱ። መጀመሪያ ትምህርቱ ይመለስ። 20 ደቂቃ ያንብብ፣ ይረፍ፣ ይቀጥል። ኳሱ በስድስት ደረጃ ነው፤ አምስተርዳም ላይ በ2022 እ.ኤ.አ. የተሰበሰቡት የዘርፉ ሐኪሞች ያጸደቁት ነው። አንደኛ የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ፈጠን ያለ እርምጃና ቀላል ሩጫ፣ ከዚያ ብቻውን የሚሠራው የበረኛ ልምምድ፣ ጭንቅላት የሚመታበት ዕድል በሌለበት። አራተኛው ከቡድኑ ጋር ሳይጋጩ መለማመድ ሲሆን እዚህ ለመግባት ምልክቱ ሁሉ፣ ሲለፋም ጭምር፣ መጥፋት አለበት። አምስተኛው ሐኪም ከፈቀደ በኋላ ሙሉ ልምምድ፣ ስድስተኛው ጨዋታ። በየደረጃው ቢያንስ አንድ ቀን ይቆያል፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች ምልክቱ ከባሰ ለዚያን ቀን አቁሞ በማግስቱ ይሞክራል፤ ከአራተኛው ጀምሮ ምልክት ከተመለሰበት ግን ወደ ሦስተኛው ይመለሳል። አብዛኛው አዋቂ በሁለት ሳምንት ገደማ ይሻለዋል፤ ወር ካለፈው ድጋሚ ይታይ።

ባለ6ቁጥሩ · ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ 10፡00

ለጠየቃችሁ ሁሉ፦ ደህና ነው። ባለፈው ሳምንት ተሻለኝ ብሎ ሳይነግረኝ ሦስት ዙር ሮጠና ራሱን ይዞ መጣ። አሁን በሥርዓቱ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው።

ትናንት የአምበሎች ስብሰባ ነበር፤ አንድ ሐሳብ ይዤ ገባሁ። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ይወጣል፣ በዚያ ቀን አይመለስም፣ ቡድኑ ቅያሪ ቢጨርስም ይተካለታል። ለዳኞች ደግሞ ትንሽ ካርድ፦ የትኛው ሜዳ ላይ ነን? ስንተኛው አጋማሽ ነው? መጨረሻ ጎል ያገባው ማነው? ባለፈው ከማን ተጫወትን? አሸነፍን? አንዷን ከሳተ ይወጣል፤ አምስቱንም መልሶ ራሱን ካመመው ወይም ካዞረውም ይወጣል። የሜካኒካሉ አምበል ተቃወመ። «ቅያሪ የጨረሰ ቡድን ሁሉ ራሱን ይዞ መውደቅ ይጀምራል» አለ። መልስ አጣሁ።

ግራ_መስመር · 10፡22

መልሱ ሕጉ ውስጥ አለ። የእግር ኳስ ሕግ አውጪው አካል አይፋብ የኮንከሽን ቅያሪን ከ2021 ጀምሮ ሲሞክር ቆይቶ ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ውድድሮች ከፈለጉ እንዲጠቀሙበት ሕጉ ውስጥ አስገብቶታል። አንዱ ቡድን ሲጠቀም ተጋጣሚውም አንድ ተጨማሪ ቅያሪ ያገኛል፤ የወጣው ልጅም አይመለስም። አስመስሎ የወደቀ ሰው ለተጋጣሚው ስጦታ ነው የሚሰጠው። ይህን ንገረው።

ጠጠር_ሜዳ · 11፡05

ካርዱን ላኩልኝ፤ በሰፈራችን የጤና ቡድን አለ፣ ሁላችንም ከ50 በላይ ነን። ጥያቄ አምስትን ግን አስወጡልን፣ ባለፈው ማን እንዳሸነፈ ደህናዎቹም አንስማማም።

ጽጌ_ከ3ኛ_ብሎክ · 11፡12

የኦሮምኛውንና የትግርኛውን የሚጽፍ አለ? ግማሹ ተጫዋች ሲደነግጥ አማርኛው ይጠፋዋል፣ ናላው የዞረ ይመስለናል።

ዶቦክ · 11፡15

ኦሮምኛውን እኔ።

አንደኛ_ቁጥር · ማታ 2፡00

በረኛው ነኝ። ይህን ክር ዛሬ ነው ሙሉውን ያነበብኩት፣ በሁለት እረፍት።

አንዱ የቀረጸው ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ነበር፣ አየሁት። ከተመታሁ በኋላ በ80ኛው ደቂቃ ግድም አንድ ኳስ ከማዕዘኑ ላይ አውጥቻለሁ፤ ቆንጆ ነበረች፣ በግራ እጅ። ተነስቼ ተከላካዮቹ ላይ ስጮህም ይታያል። ምኑንም አላስታውስም። እስከ አሁን የማስታውሰው የመጀመሪያውን አጋማሽና ከዚያ ደረጃው ላይ አምበል ፊቱ ጥቁር ብሎ ሲያየኝ ነው። መሀሉን የተጫወተው ሌላ ሰው ነው።

ትግርኛውን እጽፈዋለሁ፣ ነገ፣ በ20 ደቂቃ በ20 ደቂቃ።

አምበል፣ ጓንቶቼ ቁም ሳጥንህ ውስጥ መሆናቸውን አሁን አነበብኩ። አልነካቸውም። ግን ሦስት ሳምንት ሊሞላቸው ነው፤ እጠባቸው፣ ዶርሙ የሸተተው በነሱ ነው።